የፓርኪንሰን መድኃኒቶችን በጎንዮሽ ጉዳታቸው ማወዳደር፦ ለታማሚና ለአስታማሚ የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ፓርኪንሰንን፣ ማለትም እንቅስቃሴን የሚያዘገየውንና የሚያንቀጠቅጠውን የአንጎል ሕመም፣ የሚፈውስ ወይም የሕመሙን ጉዞ በእርግጠኝነት የሚገታ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም፤ በሐኪሞች እጅ ያሉት ሁሉ ምልክቱን የሚያቀሉ ናቸው። ስለዚህ አንዱን መድኃኒት ከሌላው ለመምረጥ ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይነሣሉ፦ እንቅስቃሴን ምን ያህል ይመልሳል፣ በአጸፋውስ ምን ያስከትላል? የመጀመሪያውን ጥያቄ ሐኪሙ በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ታማሚውን አስነሥቶና አራምዶ ሊመልሰው ይችላል። ሁለተኛውን ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ቤተሰብ ነው፤ ከባዶቹ የጎንዮሽ ጉዳቶች የሚገለጡት ሌሊት ከአልጋ ሲወርዱ፣ መኪና ሲያሽከረክሩ፣ ወይም ብቻን ስልክ ይዞ ሲቀመጡ ነውና።

ከዚህ በታች የቀረበው ንጽጽር የሐኪምን ውሳኔ የሚተካ አይደለም፤ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ የሚጠየቀውን ለማወቅ ይረዳል። አቋሜንም ከወዲሁ ልግለጽ። ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ጎረቤት የሚያየውን ጉዳት፣ ማለትም ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት ሌቮዶፓ የሚያመጣውን የሰውነት መወዛወዝ ነው፤ በዚህ ፍርሃት ምክንያት ቀለል ያሉ ወደሚመስሉ መድኃኒቶች ይሸሻሉ፤ የእነዚያ ጉዳት ደግሞ ከዓይን የተሰወረ ስለሆነ ብዙ ካበላሸ በኋላ ይታወቃል።

ሌቮዶፓ

ሌቮዶፓ አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን፣ ማለትም በፓርኪንሰን ወደሚጎድለው የአንጎል መልእክተኛ፣ የሚለወጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለና እስከ ዛሬ በብርታቱ የሚስተካከለው ክኒን ያልተገኘ መድኃኒት ነው። ብቻውን ቢወሰድ አብዛኛው ከአንጎል ውጭ ወደ ዶፓሚን ተለውጦ ስለሚቀር ያስመልሳል፣ የደም ግፊትንም ያወርዳል። ይህን ለመከላከል ከካርቢዶፓ ወይም ከቤንሰራዚድ ጋር ተቀይጦ ይሠራል፤ ሲነሜት የመጀመሪያው ዓይነት፣ ማዶፓር ደግሞ የሁለተኛው ዓይነት የንግድ ስም ነው።

በጅማሬ ሳምንታት የሚበዛው ቅሬታ ማቅለሽለሽ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ቀላል ስሌት አለ። ካርቢዶፓ መከላከሉን በሚገባ እንዲፈጽም በቀን ከ70 እስከ 100 ሚሊግራም ያህል መወሰድ አለበት። 250 ሚሊግራም ሌቮዶፓና 25 ሚሊግራም ካርቢዶፓ ያለበትን ክኒን ግማሽ ግማሹን በቀን ሦስት ጊዜ የሚወስድ ሰው የሚያገኘው ካርቢዶፓ 37.5 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ 100 ሚሊግራም ሌቮዶፓና 25 ሚሊግራም ካርቢዶፓ ያለበትን ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ የሚወስደው ግን 75 ሚሊግራም ያገኛል። ስለዚህ «ሌቮዶፓ አልተስማማኝም» ብሎ መድኃኒቱን ከመተው በፊት የክኒኑን ቅንብር አይቶ የሌላው ዓይነት ይገኝ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክኒኑን ከዳቦ ወይም ከጥቂት እንጀራ ጋር መውሰድም ሆድን ያረጋጋል።

የሚፈራው መወዛወዝ፣ ማለትም አንገትን፣ ክንድን ወይም መላ አካልን ከፈቃድ ውጭ የሚያንቀሳቅሰው ችግር፣ በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን ከመጠኑ ጋር በጥብቅ የተያያዘ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመና ኤልዶፓ በሚል ስያሜ የሚታወቅ ጥናት ለ40 ሳምንታት በተደረገ ክትትል በቀን 600 ሚሊግራም ሌቮዶፓ ከወሰዱት መካከል ከመቶ 16.5 ያህሉ መወዛወዝ እንደታየባቸው፣ 150 ወይም 300 ሚሊግራም የወሰዱት ግን መድኃኒት የሌለበትን ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት እንዳልበለጡ አሳይቷል። በወጣትነት የታመሙ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ፤ ከሰባ ዓመት በኋላ የታመመ ሰው ግን አደጋው አነስተኛ ነው።

ከዚህ ፍርሃት የተወለደ አንድ ልማድ አለ፤ እርሱም ሌቮዶፓን «ለክፉ ቀን» ማቆየት ነው። ልማዱን የሚሽር ማስረጃ የተገኘው ከአፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የጋናና የኢጣሊያ ታማሚዎችን ያነጻጸረ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ጋናውያኑ ሌቮዶፓን የጀመሩት ምልክቱ ከታየ በአማካይ 4.2 ዓመት በኋላ፣ ኢጣሊያውያኑ ደግሞ 2.4 ዓመት በኋላ ነበር። ሆኖም መወዛወዙና የመድኃኒቱ ኃይል ቶሎ ማለቅ በሁለቱም ዘንድ የተከሰተው ሕመሙ ከጀመረ በተቀራረበ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ዘግይተው የጀመሩት ጋናውያን ችግሩ ያገኛቸው መድኃኒቱን በጀመሩ በአጭር ጊዜ ነበር ማለት ነው። ወሳኞቹ የሕመሙ ዕድሜና የቀን መጠኑ እንጂ መድኃኒቱ የተወሰደበት ዘመን አልነበረም። በ445 ሰዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የኔዘርላንድ ጥናትም ቀድመው የጀመሩትና በ40 ሳምንታት የዘገዩት ከ80 ሳምንታት በኋላ ልዩነት እንዳልነበራቸው አረጋግጧል። እንግዲህ ማዘግየት የሚያተርፈው ነገር የለም፤ የሚያሳጣው ግን ሰውዬው በደህና ሊሠራና ሊንቀሳቀስ የሚችልባቸውን ዓመታት ነው።

ሌቮዶፓ በሆድና በአንጎል ደጃፍ ከፕሮቲን ጋር ይሻማል። ስለዚህ ማቅለሽለሹ ካለፈ በኋላ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም አንድ ሰዓት በኋላ መውሰድ ይመረጣል። የጾም ምግብ ፕሮቲን የለውም ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ሽሮውም ምስሩም ፕሮቲን አላቸውና። የደም ማነስ ክኒን የሚወስዱ ሰዎች ብረቱ ሌቮዶፓን ስለሚይዝ ሁለቱን በሰዓታት ልዩነት መውሰድ ይኖርባቸዋል። ባቄላ፣ በተለይም እሸቱ፣ በተፈጥሮው ሌቮዶፓ አለው፤ ይህን የሰማ ሰው መድኃኒቱን በባቄላ ለመተካት ሲያስብ አይገርምም። ይሁንና መጠኑ ከማሳ ማሳና ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ ሊተማመኑበት አይቻልም፤ ከክኒኑ ጋር ሲደመርም መወዛወዙን ወይም ማቅለሽለሹን ሊያባብስ ይችላል።

ሁለት ጉዳቶች ይቀራሉ። አንደኛው ከተቀመጡበት ሲነሡ የደም ግፊት መውረድ ነው፤ ቆመው በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከቀነሰ እንደ ችግር ይቆጠራል። ታማሚው ቀድሞ ለደም ግፊት የታዘዘለት ኢናላፕሪል፣ አምሎዲፒን ወይም ሽንት የሚያበዛ ክኒን ካለ፣ ጥፋቱን ሁሉ በሌቮዶፓ ላይ ከመጣል በፊት የእነዚያ መጠን ይከለስ። በጾምም ሆነ በረመዳን ውኃ ሳይጠጣ የሚውል ሰው ይበልጥ ይጋለጣል፤ የክኒኑ ሰዓት ሲዘለል ደግሞ ሰውነቱ ሊገተር ስለሚችል፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙም ከሃይማኖት አባቱም ጋር መነጋገር ያስፈልገዋል። ሁለተኛው የሌለ ነገር ማየት ነው፤ ይህ ከሌሎቹ የፓርኪንሰን መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸር በሌቮዶፓ ያነሰ ነው። የሽንት ወይም የላብ መጥቆር ግን ልብስ ከማበላሸት በቀር ጉዳት የለውም።

የዶፓሚን አምሳያዎች

ፕራሚፔክሶል፣ ሮፒኒሮልና በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ሮቲጎቲን ወደ ዶፓሚን ሳይለወጡ የዶፓሚንን ሥራ አስመስለው የሚሠሩ ናቸው። ጥንካሬያቸው ከሌቮዶፓ ያነሰ ቢሆንም መወዛወዝን በማዘግየት ይታወቃሉ። ፕራሚፔክሶልን ከሌቮዶፓ ጋር ለአራት ዓመታት ያነጻጸረው ጥናት ይህን ልውውጥ በግልጽ ያሳያል። መወዛወዝ የታየው ፕራሚፔክሶል ከጀመሩት ከመቶ 24.5 በሚሆኑት፣ ሌቮዶፓ ከጀመሩት ደግሞ ከመቶ 54 በሚሆኑት ላይ ነበር። በአንጻሩ የቀን እንቅልፍ ከመቶ 36 በ21፣ የእግር እብጠት ደግሞ ከመቶ 42 በ15 በፕራሚፔክሶል በኩል በዝቷል። ቁጥሩ ላይ ላዩን ሲታይ የአምሳያዎቹን ብልጫ የሚናገር ይመስላል። ነገር ግን አብዛኛው የመጀመሪያ ዓመታት መወዛወዝ ቀላልና ለታማሚው ራሱ የማይታወቅ ሲሆን፣ መኪና እየነዱ ድንገት እንቅልፍ መውሰድ ግን ቀላል የሚባል ደረጃ የለውም።

ከሁሉ የሚያስጨንቀው ግን ፍላጎትን መቆጣጠር አለመቻል ነው። ይህም ቁማር፣ ያለልክ መግዛት፣ ያለልክ መብላት ወይም ከወትሮው የተለየ የወሲብ ፍላጎት ሆኖ ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ከእነዚህ ችግሮች አንዱ የዶፓሚን አምሳያ ከሚወስዱት ከመቶ 17.1 በሚሆኑት፣ ከማይወስዱት ደግሞ ከመቶ 6.9 በሚሆኑት ላይ አግኝቷል። ታማሚው ብዙ ጊዜ ነገሩን ከመድኃኒቱ ጋር አያያይዘውም፤ ቢያያይዘውም ኀፍረቱ አፉን ይዘጋዋል። በየሰፈሩ የስፖርት ውርርድ ቤት በተከፈተበትና ውርርዱም በስልክ በሚፈጸምበት በዚህ ዘመን፣ በቤታችን ጡረታቸውን የሚጠብቁ አባት በስድሳ አምስት ዓመታቸው ተወራራጅ ሲሆኑ ቤተሰቡ የሚያስበው ስለ ጠባይ መበላሸት ነው። ስለዚህ አምሳያ ሲታዘዝ ሐኪሙ ይህን ለታማሚውም፣ ታማሚው ከፈቀደ ለትዳር ጓደኛውም በግልጽ መንገር አለበት፤ ካልነገረ ይጠየቅ።

ችግሩ ሲታይ መጠኑ ይቀነሳል ወይም መድኃኒቱ ይቆማል፤ ሆኖም በድንገት ሲቆም ጭንቀት፣ ላብ፣ ድብርትና መድኃኒቱን አጥብቆ መሻት ሊከተል ስለሚችል የሚቀነሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ቀደምት የሆኑት ብሮሞክሪፕቲንን የመሰሉ ኤርጎት ከተባለ ፈንገስ የተገኙ አምሳያዎች ደግሞ የልብ በርን ወይም ሳንባን የማደደር አደጋ ስላለባቸው፣ ሌላ ካልታጣ በቀር አይመረጡም። ከእነርሱ አንዱ የነበረው ፐርጎላይድ እ.ኤ.አ. በ2007 ከአሜሪካ ገበያ የወጣው በዚሁ የልብ በር ጉዳት ነው።

በብሪታንያ በ1,620 ሰዎች ላይ የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት አንድ ቀላል መለኪያ ይሰጠናል፤ እርሱም በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት መድኃኒቱን የተው ሰዎች ቁጥር ነው። ከዶፓሚን አምሳያ ተጠቃሚዎች ከመቶ 28፣ ቀጥሎ ከምንጠቅሳቸው የኤምኤኦ-ቢ አጋጆች ተጠቃሚዎች ከመቶ 23፣ ከሌቮዶፓ ተጠቃሚዎች ግን ከመቶ 2 ብቻ ነበሩ። ስለ ሌቮዶፓ ክፉ ዝና ለሚጨነቅ ሰው ከዚህ የሚበልጥ መልስ አላውቅም።

ረዳቶቹ

ራሳጂሊንና ሰለጂሊን ኤምኤኦ-ቢ የተባለውን ዶፓሚን የሚያፈርስ ኢንዛይም ያግዳሉ። ኃይላቸው መጠነኛ፣ ጉዳታቸውም በአብዛኛው ቀላል ነው፤ ሰለጂሊን እንቅልፍ ስለሚነሣ ከቀትር በኋላ አይወሰድም። የእነዚህ ትልቁ አደጋ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲገናኙ ነው። ፔቲዲንና ትራማዶል የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎች፣ እንዲሁም ዴክስትሮሜቶርፋን ያለበት የሳል ሽሮፕ ከእነርሱ ጋር መወሰድ የለባቸውም፤ ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጋርም ጥንቃቄ ይሻሉ። ታማሚው ወድቆ አጥንቱ ሲሰበር ወይም ለቀዶ ጥገና ሲገባ ይህን የሚናገር ሰው አጠገቡ መኖር አለበት።

አማንታዲን መወዛወዙን ራሱን ስለሚቀንስ ልዩ ቦታ አለው። በአንጻሩ በእግር ቆዳ ላይ መረብ የመሰለ ወይን ጠጅ ቀለም፣ የቁርጭምጭሚት እብጠት፣ የእንቅልፍ ማጣትና የሌለ ነገር ማየትን ያስከትላል፤ በኩላሊት በኩል ስለሚወጣም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መጠኑ መቀነስ አለበት። ኤንታካፖን የሌቮዶፓን ዕድሜ ያራዝማል፤ ሽንትን ብርቱካናማ ማድረጉ አያስጨንቅም፤ ከሳምንታት በኋላ የሚጀምር ተቅማጥ ግን ሊያስቆመው ይችላል። ወንድሙ ቶልካፖን ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ተከታታይ የደም ምርመራ አይሰጥም።

አርቴን

ትራይሄክሲፈኒዲል፣ በተለመደው ስሙ አርቴን፣ ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑና ለአእምሮ ሕሙማን ከሃሎፔሪዶልና ከክሎርፕሮማዚን ጋር አብሮ ስለሚታዘዝ በአገራችን ብዙ ሰው የሚያውቀው መድኃኒት ነው። መንቀጥቀጥን ሊያረግብ ይችላል፤ ለእንቅስቃሴ መዘግየትና ለአካሄድ ግን እምብዛም አይጠቅምም። አሴቲልኮሊን የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ ስለሚያግድ አፍን ያደርቃል፣ ሆድን ያደርቃል፣ ዓይንን ያደበዝዛል፤ ፕሮስቴቱ ባበጠ ሰው ሽንት እስከ መዝጋት፣ ጠባብ ማዕዘን ባለው ግላኮማ (የዓይን ውስጥ ግፊት ሕመም) ደግሞ ዓይንን ድንገት እስከ መጉዳት ይደርሳል። ላብንም ስለሚቀንስ በቆላ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት ውስጥ የሚኖር ሰው ሰውነቱ ሊግል ይችላል።

እነዚህ ሁሉ ግን ከማስታወስ ችሎታ መዳከም ጋር ሲነጻጸሩ ትንሽ ናቸው። የስድሳ ስምንት ዓመት እናት አርቴን ጀምረው የልጆቻቸውን ስም ሲያቀላቅሉ፣ ሌሊት ተነሥተው ሲቅበዘበዙ፣ ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ወይም «ሕመሙ ባሰ» ብሎ ይቀበለዋል፤ አንዳንዴም ለመቅበዝበዙ ሌላ መድኃኒት ይጨመራል። መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ሲቀነስ ግን ግራ መጋባቱ ብዙ ጊዜ ይሻላል። በእኔ ግምት ከሃምሳዎቹ ዕድሜ በታች ሆኖ መንቀጥቀጡ ብቻ ሥራ የከለከለውና የማስታወስ ችግር የሌለበት ሰው አርቴንን ሊሞክር ይችላል፤ ከስድሳ አምስት ዓመት በላይ ላለ ሰው ግን ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ብቻ መመረጥ የለበትም።

ለማን የትኛው?

የማስታወስ ችግር የጀመረው፣ የሌለ ነገር ያየ ወይም ከሰባ ዓመት ያለፈ ሰው ሌቮዶፓን ብቻ ቢወስድ ይሻላል፤ አምሳያም አማንታዲንም አርቴንም ለእርሱ አይደሉም። ለዚህ ሰው መወዛወዝ የሚያሰጋው ጥቂት ነው፣ ግራ መጋባት ግን በጣም ያሰጋዋል። የአርባ አምስት ዓመት ሰው ጉዳይ ከባድ ነው፤ ለመወዛወዝ የተጋለጠ ስለሆነ አምሳያ ሊቀርብለት ይችላል። ነገር ግን ሹፌር ከሆነ በእንቅልፉ ምክንያት፣ በራሱ ወይም በቤተሰቡ የቁማር ወይም የመጠጥ ሱስ ታሪክ ካለ ደግሞ ፍላጎቱን መቆጣጠር እንዳያቅተው በሚል ስጋት፣ ምርጫው ወደ አነስተኛ መጠን ሌቮዶፓ ያዘነብላል። ብቻውን የሚኖር ሰው ጠባዩ ሲለወጥ የሚያስተውልለት ስለሌለ አምሳያን በጥርጣሬ ማየት ይገባዋል፤ በውጭ አገር ብቻቸውን በአፓርታማ የሚኖሩ ወገኖቻችን በተለይ ይህን ያስቡበት። ምልክቱ ገና ቀላል ለሆነና ሥራውን ላላቋረጠ ሰው ራሳጂሊን ለብቻው ሊበቃ ይችላል። ሲነሣ የሚያዞረው ሰው ደግሞ አምሳያዎቹ ከሌቮዶፓ አብልጠው ግፊቱን ሊያወርዱበት እንደሚችሉ ይወቅ።

ጉዳትን በጉዳት ማከም

ከምርጫው እኩል የሚያሳስበው የጎንዮሽ ጉዳትን ለማስታገስ የሚሰጠው መድኃኒት ነው። ለማቅለሽለሽ በብዛት የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራማይድ፣ በተለምዶ ፕላዚል የሚባለው፣ የዶፓሚንን ሥራ በአንጎል ውስጥ ስለሚያግድ ፓርኪንሰንን ያባብሳል፤ ፕሮሜታዚንም እንደዚሁ። ዶምፐሪዶን ወደ አንጎል እምብዛም ስለማይገባ ይመረጣል፣ የልብ ምት ችግር ላለበት ሰው ግን በጥንቃቄ። የሌለ ነገር ለሚያይ ታማሚ ሃሎፔሪዶል መስጠት ሙሉ በሙሉ አልጋ ላይ ሊያስቀረው ይችላል፤ በመጀመሪያ ኢንፌክሽን መኖር አለመኖሩ ይመረመራል፣ ቀጥሎ አርቴን፣ አማንታዲንና አምሳያዎቹ በቅደም ተከተል ይቀነሳሉ፣ የግድ ካስፈለገም ኩዌቲያፒን የተባለው የአእምሮ መድኃኒት በአነስተኛ መጠን ወይም በደም ምርመራ የታጀበ ክሎዛፒን ይታዘዛል። ለማዞር የሚሰጠው ሲናሪዚንም ራሱ ፓርኪንሰን የሚመስል ሕመም ያመጣል፤ ሲነሣ የሚያዞረው ታማሚ ይህን ክኒን ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ የለበትም።

መድኃኒት ሲጠፋና ከሻንጣ ሲመጣ

ክኒኑ ከገበያ ሲጠፋ ታማሚው በአንድ ጊዜ ማቆም የለበትም። ሌቮዶፓ በድንገት ሲቋረጥ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የሰውነት መገተርና ራስን መሳት ሊከተሉ ይችላሉ፤ ይህም ሕይወትን የሚያሰጋ ድንገተኛ ሕመም ነው። የቀረው ክኒን ሳምንት የማይሞላ ሲሆን ሐኪሙን ማነጋገርና ተለዋጩን አስቀድሞ መወሰን ይገባል።

ከውጭ አገር ዘመድ በሻንጣ የሚመጣ መድኃኒት ብዙ ቤቶችን አድኗል፤ የመጠን ስሕተትም ያመጣል። በማዶፓር ጥቅል ላይ 250 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር የሁለቱ ቅይጦች ድምር ሲሆን ሌቮዶፓው 200 ሚሊግራም ነው፤ በሲነሜት 25/250 ውስጥ ግን ሌቮዶፓው ብቻውን 250 ነው። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ዓይነት ደግሞ ወደ ደም የሚገባው ሌቮዶፓ ከመደበኛው በ30 ከመቶ ገደማ ያነሰ ስለሆነ አንዱን በአንዱ ቁጥር በቁጥር መተካት አይቻልም፤ ተፈጭቶ ወይም ታኝኮ ከተወሰደም ሊቆይ የታሰበው መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ለዘመድ የሚላከው መልእክት የንግድ ስም ብቻ እንዳይሆን፤ የሌቮዶፓው ሚሊግራም፣ አብሮት ያለው ቅይጥ ስም፣ መደበኛ ወይም ቀስ ብሎ የሚለቀቅ መሆኑና በቀን የሚወሰድባቸው ሰዓታት በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ያው ወረቀት በታማሚው ኪስ ቢቀመጥ፣ ሆስፒታል በሚገባበት ቀን ፕላዚልና ሃሎፔሪዶል እንዳይሰጡት ለማሳሰብም ያገለግላል።